ፔቱል ለምን ከሳ

ባሌ ፔቱል የከሳው እኔ ስላላበላሁት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ገበያ ላይ የበግ ሱፍ የሚሸጡት ሴቶች ዓመት ሙሉ ሲያሙኝ ስለከረሙ ነው። አንዷማ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ሎሻ፣ ባልሽን ምን ነካው? ምድጃሽ ጠፋ እንዴ?» አለችኝ።

«ምድጃዬስ አለ፤ የሚፋጀው ግን ያንቺ ምላስ ነው» ብያት ዕቃዬን አነሳሁ። አፌ መለሰላት እንጂ ልቤ አልመለሰላትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ባሌን ምን እንደነካው በቅጡ አላውቅም ነበር። አሁንም አውቃለሁ ብል ውሸት ነው።

ፔቱልን ሳገባው አጥንቱ የሚቆጠር ልጅ ነበር። ያኔ ወንዶቻችን ሁሉ ቆላ ይወርዱና በሰው ቡና እርሻ ግማሹን ዓመት ኬሻ ሲሸከሙ ከርመው ወባ ይዘው ይመለሱ ነበር። አማቴ ከወለደቻቸው ዘጠኝ ልጆች አራቱን የቀበረችው ከስተው ከስተው ሲያልቁባት ነው። ለእኛ ክሳት ማለት ይኸው ነው። በኋላ የመኪና መንገድ ገባ። ፔቱል ከወንድሙ ጋር ሆኖ አሮጌ ሚኒባስ ገዛና ከመንደራችን ሳን ክሪስቶባል ከተማ ሰው ማመላለስ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። ሲጠማው ለስላሳ፣ ሲርበው ብስኩትና በከረጢት የታሸገ የድንች ጥብስ። ውሃ አይጠጣም ወይ እንዳትሉኝ፤ ቧንቧችን በሳምንት ሁለት ቀን ያስላል፣ የሚተፋውም ጭቃ ነው፣ ለስላሳው ግን በየደጁ አለ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሆዱ መሪውን ነካ።

ሰዉ ምን አለ መሰላችሁ? «ፔቱል ሰው መሰለ፤ እግዜር አሰበው» አለ። እኔም ኮራሁ። መቀነቱን የምሸምንለት እኔ ነኝ፤ በየዓመቱ አንድ ስንዝር ስጨምርበት ደስ እያለኝ ነበር። እኔም ብሆን ከእሱ የማንስ አይደለሁም፤ ከገበያ ስመለስ ዳገቱን እስክጨርስ ሦስት ጊዜ እቀመጣለሁ። ድካም ነው እላለሁ እንጂ ሌላ ስም አላወጣሁለትም።

ስለ ጥቁሩ ለስላሳ ደግሞ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የተጠቀለለው እሱ ላይ ነውና። አባቴ ፖሽ የምንለውን የአገዳ አረቄ ይጠጣ ነበር። አልጠጣም ማለት አይችልም። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ሲደረስ፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ ልጅ ለትዳር ሲጠየቅ፣ ሰው ያቀረበልህን መጠጥ እምቢ ማለት ሰውየውን እምቢ ማለት ነው። አባቴ ሰው ሊያስታርቅ ሄዶ ሰክሮ ይመጣና እናቴን ይደበድባታል፤ ሁለት የፊት ጥርሷ የረገፈው በጎረቤት ዕርቅ ነው። አንድ ዓመት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ «በአረቄው ፋንታ ለስላሳ ይሁን፤ ያው መጠጥ ነው» ሲሉ እኛ ሴቶች ከደስታ ብዛት አለቀስን። ከዚያ ወዲህ ባል ከለቅሶ ቤት በእግሩ ቆሞ ይመለሳል። እንግዲህ ያንን መጠጥ መርዝ ነው ሲሉኝ ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው እናቴ ናት። ከድጡ ወደ ማጡ ገብተን ከሆነ፣ ድጡ ውስጥ ያደገ ሰው ማጡን በምን ይለየው?

ነገሩ የጀመረው በፔቱል የእግር አውራ ጣት ነው። ድንጋይ መታውና አልድን አለ። ልጃችን ካታል ትምህርት የጨረሰች ናት፣ ስፓኒሽም ታውቃለች፤ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችን። ነርሷ ኦቲሊያ የከተማ ልጅ ናት። ቁስሉን ከማየቷ በፊት ሚዛን ላይ አቆመችው፣ የእጁን ጣት ወግታ ደም ወሰደች፣ ከዚያ ብዙ ተናገረች።

«ምን ትላለች?» አልኳት ካታልን።

«መቶ ሁለት ኪሎ ነው ትላለች። ውፍረቱ በሽታ ሆኗል፣ ስኳርም አለበት ትላለች።»

«ውፍረት እንዴት አድርጎ ነው በሽታ የሚሆነው? በሽታ ያከሳል እንጂ ያወፍራል እንዴ? ደህና አድርገሽ ጠይቂያት።»

ፔቱል ነርሷን ከላይ እስከ ታች አያት። ኦቲሊያ እንደኛው ናት፤ በዚያች ጠባብ በር የምትገባው በጎኗ ነው። «እሷስ?» አለ ቀስ ብሎ። «እሷን ማን መዘናት?»

ካታል አፍራ ይህን አልተረጎመችም። ነርሷ ግን ሳይገባት አልቀረም፣ ሳቀች። «እኔም እየታገልኩ ነው በያቸው» አለቻት። «የምኖረው እዚሁ ነው፣ የምበላውም ከዚሁ ሱቅ ነው።»

ይህ መልስ ይበልጥ ግራ አጋባኝ። የሚያክም ሰው እሱ ራሱ የዳነ ይመስለኝ ነበር። ኦቲሊያ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጠችን፤ ለስላሳው፣ ብስኩቱ፣ ድንቹ ሁሉ በቀይ ተሰርዟል፤ ባቄላው፣ ጎመኑና የሚራመደው ሰውዬ አልተሰረዙም። ካታል ወረቀቱን ከገበታችን በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። እኔ ስበላ እንዳላየው ጀርባዬን ሰጥቼው መቀመጥ ጀመርኩ።

ፔቱል ለወረቀት ብሎ የሚተው ሰው አይደለም። ያስተወው አበልጁ ሎል ነው። ሎል ከመንደሩ ሁሉ ወፍራምና ሳቂታ ሰው ነበር፤ በዚያው ሰሞን ከሆስፒታል በአንድ እግር ተመለሰ። ልንጠይቀው ሄድን። ሚስቱ ለስላሳ ከፈተችልን፣ ለሎልም ከፈተችለት። ሎል ጠጣና፣ «ፔቱል ወንድሜ፣ እግሬን የት እንደቀበሩት እንኳ አልነገሩኝም» አለ። ፔቱል ጠርሙሱን አፉ ሳያደርስ መሬት ላይ አስቀመጠው። እንዲህ ሲያደርግ በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። እኔ በእሱ ፈንታ አፍሬ ሁለቱንም ጠጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት መስቀሎቹ እስከተተከሉበት ኮረብታ ድረስ በእግሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። መንገድ ላይ ያገኙት ሁሉ፣ «ፔቱል፣ ምን ጠፋህ? በግ ነው?» ይሉታል። «ምንም አልጠፋኝም፣ ሆዴን ለማጥፋት ነው» ሲላቸው ይብስ ይደነግጣሉ። እኔ ባቄላና ጎመን እሠራለታለሁ፣ ውሃ አፍልቼ አቀዘቅዝለታለሁ። ሰው ቤት ሲሄድ ደግሞ የድሮ ሽማግሌዎች አረቄው ሲበዛባቸው ያደርጉት የነበረውን ያደርጋል፤ ጠርሙሱን በከንፈሩ ይነካና ያመሰግናል፣ ከዚያ ከቦርሳው ባዶ ዕቃ አውጥቶ ይገለብጥበታል። ይህ ነውር የለውም፣ ተቀብሎ ወደ ቤት መውሰድ ነው። ቤት የመጣውን ግን ማን ይጠጣው? የሰው ስጦታ ይደፋል? እኔ ጠጣሁት። እሱ በከሳ ቁጥር እኔ ወፈርኩ።

በዓመቱ ሃያ አራት ኪሎ ቀነሰ። ኦቲሊያ አጨበጨበችለት፤ መንደሩ ግን ለቅሶ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። አንዱ ገንዘቡን ተበልቶ ነው አለ። ሌላው ከቆላ ያመጣው የቆየ በሽታ ተነሳበት አለ። ብዙዎቹ ግን ምቀኛ አስደርጎበት ነው አሉ፤ በእኛ አገር ክሳት በራሱ አይመጣም፣ የሚልከው ሰው አለ። ተሳፋሪ እንኳ ሸሸው። ሾፌሩ ነፍሱ መንገድ ላይ ብትወጣ ገደል እንገባለን ብለው ከኋላ የሚመጣውን መኪና ይጠብቃሉ። የገዛ ወንድሙ አንድ እሑድ መጥቶ በሩን ዘጋና፣ «ንገረኝ፣ ማን ነው ያደረገብህ? ስሙን ብቻ ንገረኝ» አለው።

«እኔ ነኝ ያደረግሁት። በገዛ እጄ ነው የቀነስኩት።»

«ሰው በገዛ እጁ ይከሳል?»

«አዎ፣ ነርሷ አዝዛኝ።»

«ያቺ ወፍራሟ? እሷ ተመችቷት አንተን ታከሳለች?» ወንድሙ ወደ እኔ ዞረ። «ሎሻ፣ አእምሮውንም ነክቶታል እንዴ?»

እኔም እየፈራሁ ነበር። ባሌ ሲራመድ ያፏጫል፣ እንቅልፉ እንደ ሕፃን ነው፣ ቁስሉ ዳነ፤ ፊቱን ሳየው ግን ከቀበርናቸው ወንድሞቹ አንዱን ይመስለኛል። ስለዚህ ሳልነግረው ሸሚዙን ይዤ አዋቂዋ ዘንድ ሄድኩ። አዋቂዋ ሸሚዙን ዳበሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ነፍሱ መንገድ ላይ ወድቃለች፤ ድንጋይ የመታው ቀን ነው የወደቀችው» አለችኝ። «ሻማ ታበሪያለሽ፣ ሦስት ጠርሙስ ጥቁሩን ታጠጪዋለሽ። ሲያገሳ ክፉው ይወጣል።»

«ነርሷ እኮ ጠርሙሱ ነው የሚገድለው ብላናለች።»

«እሷ ነፍስ የት እንደምትወድቅ ታውቃለች?»

አታውቅም። አዋቂዋ ደግሞ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር አታውቅም። ሁለቱም የነገሩኝ እያዘኑልኝ ነው፣ ሁለቱም አልዋሹኝም። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ሻማውን አበራሁ፣ ሦስቱን ጠርሙስ በእሱ ፈንታ ጠጣሁና በእሱ ፈንታ አገሳሁ። በሰው ስም ማግሳት ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ካታል ለትዳር የተጠየቀችው በዚህ መሀል ነው። ያስጠየቃት የሻሊክ ልጅ ሮሚን ነው። ሻሊክ ብሎኬት የሚያመርት ባለጸጋ ነው፤ ሲቀመጥ ሁለት ወንበር የሚሞላ፣ ሲስቅ ጣራው የሚሰማው ሰው። ሮሚን ግን ረጋ ያለ ልጅ ነው። ካታል እንደምትወደው ያወቅሁት ስሙ ሲነሳ ጀርባዋን ስለምታዞር ነው።

በእኛ ወግ ጠያቂ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ሁለቱን ጊዜ እንመልሰዋለን። የልጅቷ ወላጆች ልጃቸውንም የመጣውን መጠጥም ማንቋሸሽ አለባቸው፤ ጨዋነቱ እሱ ነው። የተላኩት ሽማግሌ አባ ሹን፣ «ትንሽ ቀዝቃዛ ነገር ይዘን መጥተናል» ይላሉ። እኔ፣ «ልጃችን ሰነፍ ናት፣ እንቅልፋም ናት፤ መጠጣችሁንም መልሱት፣ ሆድ ይነፋል» እላለሁ። አባ ሹን፣ «የእናንተ እንቅልፋም ለእኛ ንቁ ናት፤ የሚነፋውም የእኛው ሆድ ነው» ይላሉ። ማንቋሸሹ በከፋ ቁጥር ሰው ደስ ይለዋል። ሁለቱን ጊዜ እንዲህ ተባብለን ሸኘናቸው። በሦስተኛው ቀን የልጅቷ አባት ከመጣው ለስላሳ አንዱን ጠርሙስ በሰው ፊት ይጠጣል። ከጠጣ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። እዚህ ላይ ባዶ ዕቃ ውስጥ መገልበጥ የለም፤ የገለበጠ ልጁን ከለከለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ቀን ሊደርስ ሲል አባ ሹን ብቻቸውን መጡ። ፔቱል ሥራ ላይ ነበር። «ሎሻ ልጄ፣ አልደብቅሽም» አሉኝ። «ሻሊክ ስለ ባልሽ ጠይቆኛል። ይጠጣል ወይስ አይጠጣም ነው ያለኝ። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ ነው የጠየቀኝ።»

«ምን አስጠየቀው?»

«ምን ይመስልሻል? ሰው የሚያወራውን ሰምቷል። ልጁን ከበሽተኛ ቤት ማጋባት ፈርቶ ነው። ፔቱል ሙሉ ጠርሙስ ግጥም አድርጎ ሲጠጣ ካየ ልቡ ያርፋል። ካልሆነ ግን እኔንጃ።»

ፔቱል ሲመጣ ነገርኩት። ጫማውን አውልቆ ጣቱን ዳሰሰና፣ «አለመታመሜን ለማሳየት የሚያመኝን ልጠጣ ነው?» አለ።

«አንድ ጠርሙስ ሰው አይገድልም።»

«አንድ መች ሆነና? የመጠየቂያው አለ፣ የቤት መግቢያው አለ፣ የሠርጉ አለ። ያንዱን ተቀብዬ የሌላውን ልመልስ ነው? አንዴ ከጠጣሁ ጠጪ ነኝ፣ ሎሻ። ከዚያ ወዲያ በማን ቤት እምቢ እላለሁ? ይቺ ጣቴ ገና አሁን ነው የገጠመችው።»

«ታዲያ ልጅህ ቤት ትቅር?»

«እንደሱ አልወጣኝም።»

«ሌላ ምን አለ ታዲያ? አንተ ቀለለኝ እያልክ አፏጭ፣ እሷ የበሽተኛ ልጅ ተብላ ትቀመጥ። ገበያ ላይ ሰው የሚለውን የምሰማው እኔ ነኝ። አንተማ መኪናህ ውስጥ ነህ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ስናገረው ትክክል መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ደግሞ ትክክል አልመሰለኝም፣ ግን አልመለስኩትም። ካታል በሩ አጠገብ ክር እያጠነጠነች ሁሉንም ሰምታለች። አባቷን ሚዛን ላይ ያወጣችው፣ ወረቀቱን የለጠፈችው እሷ ናት፤ አባ አትጠጣ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትል ኖሮ ትንሽ ተቆጥቼ ልሸነፍላት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ክሯን ማጠንጠኗን ቀጠለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን የነርሷ ወረቀት ግድግዳው ላይ አልነበረም። ማን እንዳነሳው አልጠየቅንም። ፔቱል ባዶውን ቦታ ቆሞ አየው፤ ከዚያ፣ «ነጩን ሸሚዜን አምጪልኝ» አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ መጡ። አሥራ ሁለት ሳጥን ለስላሳ በሰው ትከሻ ገባ። ወለሉ ላይ የጥድ ቅጠል ጎዝጉዤ ነበር፤ ሰዉ እንደ ዕድሜው ተደርድሮ ተቀመጠ፣ ሻሊክ ከፔቱል ፊት ለፊት። ሚስቱ ማሩች ከሴቶቹ ጋር ወደ ማዕድ ቤት አለፈች። አባ ሹን ረጅሙን ንግግር ተናገሩና ቆርኪውን ከፍተው ጠርሙሱን ለፔቱል አቀረቡ። ባሌ በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔን አላየኝም፣ ካታልንም አላየም። አንዴም ሳያርፍ እስከ ታች ጨረሰው።

ሰዉ ሁሉ ተነፈሰ። «እነሆ ጤነኛ ሰው» አሉ አባ ሹን። «ማን ነበር ሞተ ያለው?» ሳቅ ሆነ። የፔቱል ወንድም ተነስቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሻሊክ ብቻ አልሳቀም። ፔቱልን አየው አየውና ትከሻው ወረደ፤ ልቡ ስላረፈ ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት። ከዚያ የራሱን ጠርሙስ ተቀብሎ ጠጣ። ሁለቱ አባቶች ጠጡ፤ ልጄ ተዳረች። እኔም እፎይ ብዬ ማዕድ ቤት ገባሁ።

ማሩች የዶሮ ወጡ ድስት ላይ አጎንብሳ ታለቅሳለች።

«ጢሱ ነው?» አልኳት።

«ጢሱ አይደለም።» ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች። «ሎሻ፣ ባልሽ ምነው ጠጣ?»

«እንዴት ምነው ጠጣ? ካልጠጣ ያለው ባልሽ አይደለም ወይ?»

«ማን፣ ሻሊክ?» ደንግጣ አየችኝ። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች እንዳይሰሙ ወደ ጓዳው ሳበችኝ። «ሻሊክ ከፋሲካ ወዲህ ኩላሊቱ ታሟል። አንድ ዓይኑም ጨልሟል። እዚህ እንዳይሰማበት ሩቅ ከተማ ሄዶ ነው የታየው። ጠርሙስ በአፍህ እንዳትነካ፣ ውፍረቱንም ቀንስ ብለውታል። ግን እንዴት አድርጎ ይተው? ብቻውን ቢተው ከሰረ፣ ሊሞት ነው ይሉታል፤ በባልሽ ላይ ያወሩትን ሰምቷል። ፔቱል ሲተው ሲያይ ግን ልብ አገኘ። 'ፔቱል በልጁ ቀን እንኳ እምቢ ካለ እኔም ከጎኑ እምቢ እላለሁ፤ ሁለት አባቶች በአንድ ቤት እምቢ ካልን ሰው ምን ያመጣል?' ይለኝ ነበር። ይጠጣል ወይስ አይጠጣም እያለ ሽማግሌውን የጠየቀው ለዚህ ነው።»

እንጨቱ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት እኔ ነኝ። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ ሁለቱም ላለመጠጣት ፈልገው ሁለቱም ጠጡ። ባሌን ደግሞ የገፋሁት እኔ ነኝ። በአባ ሹን ልናደድ ፈለግሁ፤ ግን እሳቸው ምን አጠፉ? ማንኛችንም ብንሆን ያንን ጥያቄ እንደሳቸው ነበር የምንረዳው። በሻሊክ ልናደድ ፈለግሁ። በማን እንደምናደድ ጠፋኝ።

ከቤት ውስጥ፣ «የልጅቷ እናት ትምጣ» ሲሉ ሰማሁ። ልጅ ከተሰጠ በኋላ የልጅቷ እናት በገዛ እጇ አንድ ጠርሙስ ለልጁ አባት ትሰጣለች፣ የመጨረሻውንም ማንቋሸሽ ታንቋሽሻለች። ማሩች እጄን ያዘች። «በናትሽ አንድ ነገር በይ» አለችኝ።

ገባሁ። የተከፈተውን ጠርሙስ እጄ ላይ አስቀመጡት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ሻሊክ ፊት ቆምኩ።

«አባ ሻሊክ፣ ይህን አይጠጡ» አልኩ። «መጠጡ ክፉ ነው። ኩላሊት ይበላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ እግር ያስቆርጣል። ባሌንም ያመዋል፤ የጠጣው እኔ ስለገፋሁት ነው። ሁለታችሁም ብትተዉት ይሻላል። ልጄን እንደሁ ያለ መጠጥ ሰጥቻችኋለሁ።»

ከዚያ አባ ሹን ጭናቸውን መቱና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ሰማችኋት የልጅቷን እናት?» አሉ፣ ዕንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ። «ስንት ቤት ጠይቄአለሁ፣ እንዲህ ያለ ማንቋሸሽ ግን ሰምቼ አላውቅም።» ከዚያ እንደ ወጉ መልሱን መለሱልኝ፤ «ኩላሊቱም ዓይኑም ለእናንተ የተሰጠ ነው፤ ከእጅሽ ከሆነ መርዙም ማር ነው።»

«እየቀለድኩ አይደለም» አልኩ።

«እሱንም ማለት አለባት» አለ አንዱ ከጥግ፤ እንደገና ሳቁ።

ፔቱል አልሳቀም፤ ወለሉን ያያል። ካታል በሩ ላይ ከሮሚን አጠገብ ቆማ በእኔ ኮርታ ትስቃለች፤ ስትስቅ ካየኋት ሦስት ወር አልፎ ነበር። ሻሊክም አልሳቀም። በደህናው ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ። እውነቴን እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ እንደሚያውቅ እኔም አውቃለሁ። አንዲት ቃል ቢጨምርልኝ እከተለው ነበር። እሱም ምናልባት እኔ ጠርሙሱን እንድጥለው እየጠበቀኝ ይሆናል። ለምን እንዳልጣልኩት እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት።

«እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ ጠጣው።

አባ ሹን የእኔን ጠርሙስ ከፍተው አቀበሉኝ። ሰው ሁሉ ይጠብቀኝ ነበር። ተቀብዬ ጠጣሁ።